ስለ ጉፒ ዓሣ አረባብና ዘሩን ለይቶ ስለ ማወቅ

በቤቱ እንስሳ የሚያኖር ሰው፥ የሚያኖረውን እንስሳ ጠባይና ዘር ለይቶ ማወቅ ግዴታው ነው። ገበሬ የበሬውን መልክና አመል ያውቃል፤ ባለ በቅሎ በቅሎው ከየትኛዋ ባዝራ እንደ ተወለደች ሲጠየቅ ሳይጠራጠር ይመልሳል፤ ንብ አናቢም የራሱን ቀፎ ጠባይ ከጎረቤቱ ቀፎ ጠባይ ለይቶ ይናገራል። ነገር ግን ለጌጥ ብቻ ወደ ቤታችን የገባ ፍጡር ሲሆን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይጐድላል። ዓይንን ደስ ካሰኘ ይበቃል ተብሎ፥ ስሙም ዘሩም ሳይጠየቅ ይቀራል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጉዳይ፥ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚኖረው ጉፒ ስለሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። አንዳንድ አንባቢ፥ ስንት ከባድ ጉዳይ ሳለ የጣት ያህል እንኳ ስለማይሞላ ዓሣ መጻፍ ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ የመጠኑን ያህል ትንሽ እንዳይደለ በራሳችን ላይ ከደረሰው ስሕተት ስለ ተማርን፥ የተማርነውን ለሌሎች ልናካፍል ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ጉፒ ገዛን። ወንዱ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሰማያዊ ነበረ፤ ሴቶቹም ሻጩ እንደ ነገረን ከዚያው ከሰማያዊው ዘር የተወለዱ ነበሩ። ሐሳባችን ሰማያዊውን ዘር ሳይደባለቅ ማራባትና የተረፈውን ለአንድ ትምህርት ቤት መስጠት ነበረ። በአራተኛው ሳምንት ከሴቶቹ አንዲቱ ወለደች። ልጆቹ አድገው ቀለማቸው በታየ ጊዜ ግን፥ ከወንዶቹ የሚበዙት ጅራታቸው ብጫ፥ ጎናቸውም እንደ እባብ ቆዳ የተዥጐረጐረ ሆኖ ተገኘ። እኛም ተቈጥተን ወደ ሻጩ ሄድንና፥ «ልጄ፥ አታለልኸን» አልነው። እርሱም፥ «ጋሼ፥ ሰማያዊ ብዬ የሸጥሁልዎ ወንድ ሰማያዊ ነው፤ ሴቶቹም ከሰማያዊ አባት የተወለዱ ናቸው፤ እኔ አላታለልሁም» ብሎ መለሰልን። እኛ ግን አላመንነውም፤ ይባስ ብለን ከእርሱ ሱቅ ማንም እንዳይገዛ ለወዳጆቻችን ተናገርን። ኋላ ነገሩን ከመጻሕፍት ብንመረምር፥ ሻጩም እውነቱን እንደ ተናገረ፥ እኛም ያየነው እውነት እንደ ሆነ፥ ነገር ግን ሁለታችንም የዚህን ዓሣ ጠባይ እንዳላወቅን ተረዳን።

የነገሩ ምሥጢር ይህ ነው። ሴቲቱ ጉፒ ከወንድ የተቀበለችውን ዘር በሆድዋ ውስጥ ለብዙ ወራት ታኖረዋለች፤ ሌላ ወንድ ሳታይም ደጋግማ ልትወልድበት ትችላለች። ስለዚህ በሻጩ ገንዳ ውስጥ ከሌላ ወንድ ጋራ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቆይታ እንደ ሆነ፥ ወደ ቤታችን የመጣችው ብቻዋን ሳይሆን የማናውቀውን የዚያን ወንድ ዘር ይዛ ነው። በ2013 በታተመ አንድ ጥናት በትሪኒዳድ ደሴት ወንዝ ውስጥ የሚኖሩት ጉፒዎች ተመርምረው፥ አባት ከሞተ ከ10 ወር በኋላ እንኳ ልጆቹ ሊወለዱ እንደሚችሉ ታውቋል። የሞተ አባት ልጅ የሚወለድበት ፍጡር ከሆነ፥ በዓይን የምናየው ወንድ አባት ነው ብሎ መፍረድ ምን ያህል አሳሳች እንደ ሆነ አንባቢ ሊገምት ይችላል። ብጫ ጅራት ያላቸው ልጆችም የሻጩን ተንኰል ሳይሆን የእኛን አለማወቅ የሚመሰክሩ ነበሩ።

የዚህ ዓሣ ስም ራሱ ለይቶ ማወቅ እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሚያሳይ ታሪክ አለው። በ1859 ዊልሄልም ፔተርስ የሚባለው የበርሊን ሊቅ፥ በቬኔዝዌላ አገር ከካራካስ ከተማ የተላከለትን ዓሣ መርምሮ ፖኤሲልያ ሬቲኩላታ ብሎ ሰየመው። ሬቲኩላታ ማለት በላቲን ቋንቋ መረብ መሰል ማለት ነው፤ የቅርፊቱ ዳርቻ ሲታይ እንደ መረብ ዓይን የተያያዘ ስለሚመስል ነው። በ1861 ደግሞ ደ ፊሊፒ የሚባለው የኢጣልያ ሊቅ ከባርባዶስ ደሴት የመጣውን ይህንኑ ዓሣ ሌላ ስም ሰጠው። ከዚያም ሮበርት ጆን ሌችሜር ጉፒ የሚባለው፥ ኋላ በትሪኒዳድ የትምህርት ቤቶች የበላይ ተቈጣጣሪ የሆነው ሰው፥ በዚያው ደሴት ያገኛቸውን ዓሦች በሎንዶን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ላከ። በሙዚየሙም አልበርት ጉንተር በ1866 አዲስ ዘር መስሎት ጊራርዲኑስ ጉፒ ብሎ በላኪው ስም ጠራው። በሊቃውንት ሕግ አስቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና፥ ሁለቱ ኋለኞች ስሞች ቀሩ፤ ይሁን እንጂ ጉፒ የሚለው ስም በሕዝብ አፍ ጸንቶ እስከ ዛሬ ይኖራል። እንግዲህ ሦስት የታወቁ ሊቃውንት አንዱን ዓሣ ሦስት ዓሣ አድርገው ከቈጠሩት፥ በቤታችን አንድ ገንዳ ያለን ሰዎች ብንሳሳት የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስነቅፈን መሳሳታችን ሳይሆን ሳንመረምር ርግጠኞች መሆናችን ነው።

አሁን ለይቶ ወደ ማወቁ እንመለስ። በመጀመሪያ የሚለየው ወንዱና ሴቲቱ ናቸው። የወንዱ ርዝመት ከ1.5 እስከ 3.5 ሳንቲሜትር ሲሆን፥ ሴቲቱ እስከ 6 ሳንቲሜትር ልትደርስ ትችላለች። ብዙ ሰው በቀለም ይለያቸዋል፤ በርግጥም በዱር የሚኖረው ወንድ ኅብረ ቀለም ያለው፥ ሴቲቱም አመድማ ናት። ነገር ግን ሰዎች መርጠው ባራቡአቸው ዘሮች መካከል ጅራታቸው ቀለም ያለው ሴቶች ስላሉ፥ ደግሞም ወጣት ወንድ ቀለሙ እስኪወጣ ድረስ ሴት ስለሚመስል፥ ቀለም የታመነ ምስክር አይደለም። የታመነው ምስክር ከሆዱ በታች ከኋላ በኩል ያለው ክንፍ ነው። ይህ ክንፍ በሴቲቱ ላይ እንደ ማራገቢያ ሰፋ ያለ ሲሆን፥ በወንዱ ላይ ግን ቀጥኖና ረዝሞ እንደ ብዕር ጫፍ ይሆናል፤ ወንዱ ዘሩን ወደ ሴቲቱ የሚያሳልፍበት ብልት ይኸው ነው። ደግሞም ሴቲቱ ከዚሁ ክንፍ በላይ በሆድዋ መጨረሻ ጥቁር ነቁጥ አላት፤ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብም ነቁጡ እየሰፋና እየጠቈረ ይሄዳል። ቀለማቸው በጣም የጠቈረ ዘሮች ግን ይህ ነቁጥ ስለሚሸፈንባቸው፥ ክንፉን ማየት ይበልጣል።

ሁለተኛው መለየት ጉፒን ከሚመስሉት ከሌሎች ዓሦች ነው። ከእነዚህም ዋናው በተለምዶ ኤንድለር የሚባለው ነው። ይህን ዓሣ በ1937 ፍራንክሊን ቦንድ የሚባል ሰው በቬኔዝዌላ አገር ሰብስቦት ነበር፤ ኋላ በ1975 ጆን ኤንድለር የሚባለው የተፈጥሮ ሊቅ እንደ ገና አገኘውና በእርሱ ስም ተጠራ። በ2005 ደግሞ ራሱን የቻለ ዘር ነው ተብሎ ፖኤሲልያ ዊንጌ የሚል የሊቃውንት ስም ወጣለት። የኤንድለር ወንድ ከጉፒ ወንድ ያነሰ ነው፤ ቀለሙም እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፥ ብርቱካንማና ጥቁር ነው። ሴቶቹ ግን ከጉፒ ሴቶች ጋራ እጅግ ስለሚመሳሰሉ የለመደ ዓይን እንኳ ይሳሳታል። ይልቁንም ሁለቱ ዘሮች በአንድ ገንዳ ቢኖሩ እርስ በርሳቸው ይዋለዳሉ፤ የተወለዱትም መካን ሳይሆኑ ይራባሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተደባለቁ በኋላ ይህ ኤንድለር ነው፥ ይህ ጉፒ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ጋምቡስያ የሚባለውም የወባ ትንኝ ዕጭ እንዲበላ በብዙ አገሮች የተበተነው ዓሣ፥ ሴቲቱ የጉፒን ሴት ትመስላለች፤ ብዙውን ጊዜ በጅራቷና በጀርባ ክንፏ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ስላሉ በዚህ ትታወቃለች። ጠባይዋም የሌሎችን ዓሦች ክንፍ መንከስ ነው። ከላይ እንዳየነው አንዱ ዓሣ ሦስት ስም ነበረው፤ እዚህ ደግሞ ሦስት ዓይነት ዓሣ በአንድ ስም ሊሸጥ ይችላል።

ሦስተኛው መለየት በራሱ በጉፒ ውስጥ ያሉትን የተመረጡ ዘሮች ማወቅ ነው። ከጅራቱ ቅርጽ የተነሣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፥ ሦስት ማዕዘን፥ ክብ፥ እንደ ሰይፍ የሾለ፥ እንደ በገና የተቀለበሰ እየተባለ ይለያል፤ ከመልኩም የተነሣ የእባብ ቆዳ፥ ግማሽ ጥቁር፥ ነጭ ለምጽ ወይም ቀይ ዓይን እየተባለ ይጠራል። ይህ ሁሉ ልዩነት ከአንድ ዱር ዓሣ የወጣ ነው፤ ሰዎች በየትውልዱ የወደዱትን እየመረጡ፥ ያልወደዱትን እየለዩ ያመጡት ነው።

መልክ ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍም ይህ ትንሽ ዓሣ ለዓለም ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። በዴንማርክ አገር ዮሐንስ ሽሚት የሚባለው ሊቅ በ1920፥ አንድ የጉፒ ወንድ በጀርባ ክንፉ ላይ ያለው ነቁጥ ከአባት ወደ ወንዶች ልጆች ብቻ እንደሚተላለፍ አሳየ። ኦይቪን ዊንጌ ደግሞ ሥራውን ቀጥሎ፥ በ1927 የዓሥራ ስምንት ጂኖችን ስፍራ ለይቶ አሳተመ። ከእነዚህ የሚበዙት ወንድነትን ከሚወስነው ዋይ ከሚባለው ክሮሞሶም ጋራ የተያያዙ ሲሆኑ፥ ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ሴቶችም በሚይዙት ኤክስ በሚባለው ላይ ይገኛሉ። ኤንድለር የተባለው ዓሣ በሊቃውንት ቋንቋ ዊንጌ መባሉም ለዚህ ሰው መታሰቢያ ነው። ለዓሣ አርቢ የዚህ ትምህርት ፍሬ ይህ ነው፤ እናት ቀለም ባይታይባትም የቀለም ዘር ይዛ ልትሆን ትችላለች። የእርስዋን ዘር ማወቅ የፈለገ ሰው እርስዋን በማየት ሳይሆን፥ ዘሩ ከታወቀ ወንድ ጋራ አገናኝቶ ወንዶች ልጆችዋን በመመርመር ያውቀዋል። ዛፍ ከፍሬው እንደሚታወቅ፥ የጉፒ እናትም በልጆችዋ ትታወቃለች።

ይህን ሁሉ በተግባር ለማዋል የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ ሳይሆን ሥርዓት ነው። አርባ ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ለጥቂት ዓሦች ይበቃል። የውኃው ሙቀት ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነ አገር ማሞቂያና ቴርሞሜትር ግድ ናቸው። ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውኃ በአፈ ሰፊ ዕቃ ተቀድቶ ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ክዳን ሳይደረግበት ከቈየ በኋላ ይጨመራል። አዲስ ገንዳ በተሠራበት ቀን ብዙ ዓሣ ማግባት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከዓሦቹ እዳሪና ከተረፈው ምግብ የሚወጣውን አሞንያ የሚባለውን መርዝ ወደማይጐዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ስለሚፈጅባቸው ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የውኃውን አራተኛ እጅ መለወጥ፥ ምግቡንም በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሚጨርሱት መጠን ብቻ መስጠት ይገባል። ዓሣ በረኃብ ከሚሞትበት ይልቅ በጥጋብና በቈሸሸ ውኃ የሚሞትበት ጊዜ ይበዛል።

ጉፒ እንደ ብዙዎቹ ዓሦች እንቍላል ጥሎ አይሄድም፤ ሕያው ልጅ ይወልዳል። የእርግዝናዋ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል ነው። በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸው ልጆች ቍጥር እንደ ዕድሜዋና እንደ ግዝፈትዋ ከጥቂቶች እስከ መቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ልጆቹ በተወለዱበት ሰዓት መዋኘትና መብላት ይችላሉ፤ ነገር ግን እናትም አባትም ሳይራሩ ይበሉአቸዋል። ስለዚህ መሸሸጊያ የሚሆን ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ሣር በገንዳው ውስጥ እንዲበቅል ማድረግ፥ ወይም ነቁጧ የጠቈረውን ሴት አስቀድሞ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወርና ከወለደች በኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ለሕፃናቱ አርቴሚያ የሚባለውን ከጨው ውኃ የሚፈለፈል ጥቃቅን ሕያው ምግብ፥ ወይም እንደ ዱቄት የደቀቀ የዓሣ ምግብ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ነው።

የዘር ጥበቃ ዋና ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቹ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ሲይዙ በየቀኑ በማጕያ መስተዋት መመርመር፥ የወንዶቹ ክንፍ መቅጠን ሲጀምር፥ ይኸውም አራተኛው ሳምንት ሳያልፍ፥ ወንዶቹን በአንድ ገንዳ፥ ሴቶቹን በሌላ ገንዳ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ወንድ ተሳስቶ ከሴቶቹ ጋራ ቢቀር፥ ስለ አንዲቱም ሴት በርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሁሉም ካደጉ በኋላ ከወንዶቹ መልካሙ፥ ከሴቶቹም ጤናማዪቱ ተመርጠው ይገናኛሉ። ወንድምና እኅትን ለብዙ ትውልድ ደጋግሞ ማገናኘት ግን መልክን ቢያጸናም ጤናን ያደክማል፤ የልጆች ቍጥር ያንሳል፥ አካላቸውም ይጐብጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አርቢዎች አንዱን ዘር በሁለት ወገን ከፍለው ለየብቻ ያራባሉ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላም ካንዱ ወገን ወንድ፥ ከሌላው ወገን ሴት ወስደው ያገናኛሉ።

ከሁሉ በላይ ግን መዝገብ ያስፈልጋል። በየገንዳው ላይ ቍጥር መጻፍ፤ በመዝገብም የተወለዱበትን ቀን፥ የእናትን ገንዳ፥ የአባትን መልክ፥ የወንዶችንና የሴቶችን ቍጥር፥ የተለዩበትን ቀን ማስፈር ነው። በመሥሪያ ቤት ያለ መዝገብ የሚሰጥ መልስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በዓሣ ገንዳም እንደዚሁ ነው። መታሰቢያ ይዘነጋል፤ ዓይንም የወደደውን ያያል፤ የተጻፈ ግን የተጻፈ ነው። ያልታወቀ ነገር ሲኖርም «አባቱ አይታወቅም» ብሎ መጻፍ ክብር እንጂ ነውር አይደለም። ነውሩ ያልታወቀውን እንደ ታወቀ አድርጎ መሸጥ ወይም መስጠት ነው።

እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ብዙ ሳይቈይ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ይኸውም የዓሦቹ መብዛት ነው። በየወሩ የምትወልድ ሴት፥ ልጆችዋም በሁለትና በሦስት ወር ለመውለድ የሚደርሱ ሲሆኑ፥ አንዱ ገንዳ በአንድ ዓመት አይበቃም። በእኛም ቤት ይህ በደረሰ ጊዜ ከቤተ ሰባችን አንዱ፥ «የተረፉትን ወደ ወንዝ ብንለቃቸው ነጻ ይወጣሉ፥ ትንኙንም ይበሉልናል» የሚል ምክር አቀረበ። ምክሩ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ለአንድ ቀንም ያህል ልባችን ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ነገር ግን በሌላ አገር የሆነውን ካነበብን በኋላ እጃችንን ሰበሰብን።

በ1957 ካሪል ሃስኪንስ የሚባለው ሊቅ በትሪኒዳድ ለምርምር ሲል 200 ጉፒዎችን ከአሪማ ወንዝ ወስዶ በሌላ ተፋሰስ ወደሚገኘው ወደ ቱሩሬ ወንዝ ላይኛ ክፍል ጨመራቸው። ላይኛው የወንዙ ክፍል ከዚያ በፊት ጉፒ አልነበረበትም፤ በታችኛው ክፍል ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኖሩ የራሱ ጉፒዎች ነበሩት። የመጡት ዓሦች ልጆች ፏፏቴውን እየወረዱ ከታችኞቹ ጋራ ተዋለዱ፤ ከዓሥርተ ዓመታት በኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩም የእንግዶቹ ዘር ወንዙን ተከትሎ እጅግ ርቆ መውረዱ፥ የቀድሞውንም ዘር በብዙ ስፍራ መተካቱ ታወቀ። ጆን ኤንድለርም በ1976 ጉፒዎችን ብዙ አዳኝ ዓሣ ካለበት ውኃ ወደሌለበት ውኃ ቢያዛውር፥ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የወንዶቹ ቀለም መድመቁን አስተዋለ። የዓሣው ዘር ከአዲሱ ስፍራ ጋራ ራሱን ለማስማማት ብዙ ዘመን አይፈልግም ማለት ነው።

ጉፒ የወባን ትንኝ ያጠፋል ተብሎ፥ ከሰዎች ገንዳም እየተጣለ፥ ዛሬ ከ60 በሚበልጡ አገሮች ውኃ ውስጥ ይገኛል። ትንኝን ስለ ማጥፋቱ የቀረበው ማስረጃ ግን በኋላ በተመራማሪዎች ሲፈተሽ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። በ2011 ኤሚ ዲከንና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፥ አንዲት የረገዘች ሴት ብቻዋን በሰው ሠራሽ ኵሬ ውስጥ ስትገባ፥ ከኵሬዎቹ በሚበዙት ውስጥ ለሁለት ዓመት የጸና ዘር ማቋቋም እንደ ቻለች ታይቷል። ቀድሞ የነገርነው፥ ዘርን በሆድ የማኖር ጠባይ፥ በእኛ ገንዳ ውስጥ የሒሳብ ስሕተት ብቻ ነበር፤ በወንዝ ውስጥ ሲሆን ግን አንዲት ዓሣን ሠራዊት ያደርጋታል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው፥ ከውኃው ጋራ የፈሰሰች ዓሣም አትመለስም።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በጣና ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ወገን፥ ሊቃውንት በ1990ዎቹ ዓመታት ሲመረምሩት 15 ያህል የተለያዩ ዓይነቶች ያሉበት ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም የሚበዙት በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። በስም አንድ የመሰለን ሀብት ብዙ መሆኑን ያወቅነው ትናንት ነው። በዚሁ ሐይቅ ላይ በ2011 የታየውን እምቦጭን ሁላችንም እናውቃለን። እርሱም እንደ ጉፒ ከደቡብ አሜሪካ ውኆች የወጣ፥ አበባው ስላማረ በየአገሩ የተወሰደ ጌጥ ነበረ፤ በአገራችንም ከዚያ በፊት በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታይቶ ነበር። ስንት ሺሕ ገበሬ ከወገቡ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው እንደ ዋለ ያየ ሰው፥ ጌጥ የሆነ ፍጡር ከገንዳው ሲወጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የተረፉ ዓሦች ለሚያውቅ ሰው ይሰጡ፤ ወይም ወንዱንና ሴቲቱን ለይቶ በማኖር መብዛታቸው ይገታ፤ ገንዳው ሲታጠብም ውኃው ወደ ጅረት ሳይሆን በአትክልት ስር ወይም በደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ፤ የሚፈሰውም ውኃ ሕፃናት ዓሦች እንዳይኖሩበት አስቀድሞ በጨርቅ ይጠለል። ዓሣ የሚሸጡ ሰዎችም ወንዱንና ሴቲቱን በየገንዳው ቢለዩ፥ ያልተለዩትንም «ያልተለዩ ናቸው» ብለው ቢሸጡ፥ ገዢው የሚከፍለው ለእውነት እንጂ ለግምት አይሆንም። ይህን ሥርዓት ለማውጣት ትልቅ ሕግ አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይበቃል።

እኛም የበደልነውን ሻጭ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ እንዳይገዙት የነገርናቸውንም ወዳጆቻችንን አንድ በአንድ እየፈለግን ቃላችንን መለስን። እርሱም በቅን ልብ ተቀበለን፤ «ጋሼ፥ እኔም እኮ ይህን አላውቅም ነበር» አለና፥ በሌላ ጊዜ ስንመለስ በገንዳዎቹ ላይ ቍጥር ተለጥፎ፥ ሴቶቹም ከወንዶቹ ተለይተው አገኘን። ብጫ ጅራት ያላቸውን ዓሦች ወደ ትምህርት ቤቱ ሰደድናቸው፤ በገንዳቸውም ላይ «እናት ከሰማያዊ ዘር፥ አባት አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ አደረግንበት። መምህሩ እንደ ነገረን ተማሪዎቹ ከዓሦቹ ቀለም ይልቅ የጠየቁት ስለዚህ ጽሑፍ ነው። አባት አይታወቅም ማለት ምን ማለት ነው፥ እንዴትስ ሊታወቅ ይችላል ብለው፥ ከሚቀጥለው ወሊድ ጀምሮ መዝገብ ሊይዙ ተስማሙ ይባላል። ከአንድ ትንሽ ገንዳ ከዚህ የሚበልጥ ፍሬ አንጠብቅም።